ጸጥታ ከዋጋ ይቀድማል፦ ክፍት ፕላነር ሄድፎን በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ስለ ጥሩ ድምፅ የሚነሳ ክርክር ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ስምና ዋጋ ተነስቶ እዚያው ያልቃል። የትኛው ሄድፎን ይሻላል? ስንት ያወጣል? ለብቻው አምፕ ይፈልጋል ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም መምጣት ያለባቸው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ፕላነር ሄድፎኖችን ይመለከታል፤ የሚመዝናቸውም ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በተደረደሩት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኑሮ ነው፤ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ። የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፦ ከእንዲህ ዓይነቱ ሄድፎን የሚገኘውን ድምፅና ምቾት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የሚደመጥበት ቤት ጸጥታ ነው። ቀጥሎ ስፖንጁ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍበት አኳኋን ይመጣል፤ ከዚያ የሚደመጠው ቅጂ ጥራት። የሄድፎኑ ዋጋና የአምፑ ጉልበት ከሦስቱም በኋላ ናቸው። ብዙ ገዢ ግን ሐሳቡንም ገንዘቡንም የሚያፈሰው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው።

አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደሆነ እንይ። በተለመደው ሄድፎን ውስጥ ያለው ድምፅ አመንጪ የትንሽ ስፒከር ቅርጽ አለው፤ የሽቦ ጥቅል ከገለፈቱ ጀርባ ተጣብቆ በማግኔት መሐል ወዲያና ወዲህ እያለ ገለፈቱን ይገፋዋል። ፕላነር ላይ ጥቅል ሽቦ የለም። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ስስ መስመር እጅግ በሳሳ ጠፍጣፋ ገለፈት ላይ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፤ ገለፈቱም በተደረደሩ ማግኔቶች አጠገብ ይወጠራል። ግፊቱ በገጹ ሁሉ ላይ ስለሚያርፍ ገለፈቱ እንዳለ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። በዚህም ምክንያት ባሱ ሳይደክም እስከ ታች ይወርዳል፤ ድምፁ ከፍ ሲልም የሚመጣው መዛባት ትንሽ ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ያማሃ ኤች ፒ 1 የተባለውን ሄድፎን በዚህ መንገድ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀዛቅዞ ቆይቶ እንደ ኦዴዚና ሃይፊማን ያሉ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደገና አነሱት። ጀርባውን ክፍት ማድረግ ደግሞ ሌላ ውሳኔ ነው። ከገለፈቱ በስተኋላ የሚነሳው ድምፅ ታፍኖ ወደ ጆሮ ከሚመለስ በወንፊቱ በኩል እንዲወጣ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ሙዚቃው ሰፋ ብሎ፣ ከጭንቅላት ወጣ ብሎ ይሰማል። ነገር ግን ወንፊቱ በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ነው። ሙዚቃው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የሰፈሩ ድምፅም ወደ ውስጥ ይገባል።

የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ድምፅ የራሱ መልክ አለው። ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን አምቦን ዋናው መንገድ መሐሏን ሰንጥቋት ያልፋል፤ ወደ ወለጋ የሚሄደውና ከወለጋ የሚመጣው የጭነት መኪና መተላለፊያው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ባጃጁ፣ የሚኒባስ ረዳቱ ጥሪ፣ የሞባይል መሸጫው ስፒከር፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይጨመራል። መንገድ ዳር ባለ ቤት ውስጥ ቀን ላይ ክፍት ሄድፎን ማድረግ ሙዚቃውን ከከተማው ጋር አደባልቆ መስማት ነው። ከመንገድ ገባ ያለ ቤትም ቢሆን ከክረምቱ አያመልጥም። በእነዚህ ከተሞች የብዙ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ድምፃቸውን ከፍ ካላደረጉ አይደማመጡም። ዝግ ሄድፎን ወይም ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ይህን በከፊል ይከላከላል፤ ክፍቱ ግን ምንም አያግደውም ማለት ይቻላል። ለተማሪ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም ሆነ በጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ የማደሪያ ክፍል በጋራ የሚያዝ ነው። እዚያ ክፍት ሄድፎን ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ባለቤቱ የጓደኞቹን ወሬ ከዘፈኑ ጋር ይሰማል፣ የሚያጠናው ጓደኛው ደግሞ ያልመረጠውን ዘፈን በቀጭኑ ይሰማል።

ጉዳዩ የደስታ መቀነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገዢው ምርጫ በተተወ ነበር። ግን የጆሮ ጤናም አለበት። ሰው በጫጫታ መሐል ሲያዳምጥ ሳያውቀው ሙዚቃው ከጫጫታው በላይ እስኪሆን ድረስ ድምፁን ይጨምራል። የክፍሉ ድምፅ 30 ዴሲቤል ገደማ ከሆነ 65 ወይም 70 ዴሲቤል ላይ ያለ ሙዚቃ ከነዝርዝሩ በደንብ ይሰማል። የውጩ ድምፅ ራሱ 65 ሲሆን ግን ያንኑ ዝርዝር ለማግኘት ሙዚቃውን ወደ 85 እና ከዚያ በላይ መግፋት ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት የማዳመጫ መመዘኛ ለአዋቂ ሰው የሚፈቅደው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ወሰን ደግሞ 85 ዴሲቤልን በቀን 8 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ጆሮ የሚያልቅ ሀብት ነው፤ አንዴ የሞተ የውስጥ ጆሮ ሴል አይተካም። ስለዚህ ጫጫታ ባለበት ቤት ክፍት ሄድፎን መምረጥ ጥራት ገዝቶ በጆሮ መክፈል ይሆናል።

ይህን ያልኩትን የሚቃወም ጠንካራ ሐሳብ አለ፤ ክፍትነቱ ራሱ ለእኛ ኑሮ ይስማማል የሚል። በቤታችን ሰው ተጠርቶ ዝም ማለት ነውር ነው። እናት ስትጠራ፣ እንግዳ በር ሲያንኳኳ፣ ቡና ሲደርስ «አቤት» የሚል ሰው ይፈለጋል፤ ጆሮውን በዝግ ሄድፎን የደፈነ ልጅ ግን ከቤቱ ወጥቶ የሄደ ያህል ይቆጠራል። ክፍቱ ሰውየውን ከቤተሰቡ አይቆርጠውም። ሐሳቡ እውነት ነው፤ እኔም ለክፍቱ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ምቾት የሚባለው ነገር የስፖንጅ ልስላሴ ብቻ አይደለም፤ ሳይሰጉና ሳያስቀይሙ መቀመጥም ምቾት ነው። ነገር ግን ክርክሩ የሚያረጋግጠው ክፍት ሄድፎን ከቤት ሰው ንግግር ጋር መኖር እንደሚችል ነው። ከጭነት መኪናና ከቆርቆሮ ዝናብ ጋር መኖር እንደሚችል አያሳይም። ጥሪን ለመስማት የአፍታ ክፍተት ይበቃል፤ ለማያቋርጥ ጫጫታ ግን የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከመጨመር ሌላ መልስ የለም። እንግዲህ ክፍቱ የሚመቸው ሰዓት አለ ማለት ነው፤ ትራፊኩ ከቀነሰ በኋላ ያለው ምሽትና በበጋው ወራት ያለው ደረቅ ጊዜ። መብራት በጠፋ ምሽት እንኳ ጎረቤት ጄኔሬተር ከሌለ ከተማው ይበልጥ ጸጥ ይላል፤ በስልክ ባትሪ የሚሠራ ማዳመጫ ደግሞ መብራት አይጠብቅም።

ጸጥታው ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ጉዳይ ጭንቅላት ላይ ይወሰናል። ፕላነሮች በማግኔታቸው ምክንያት ከባድ ናቸው። ከርካሾቹ የሚመደበው ሃይፊማን ኤች ኢ 400 ኤስ ኢ 390 ግራም ይመዝናል፤ ፕላነር ያልሆነው የታወቀው ክፍት ሄድፎን ሴንሃይዘር ኤች ዲ 600 ግን 260 ግራም ነው። የኦዴዚ ኤል ሲ ዲ ኤክስ ከ600 ግራም ያልፋል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይህን ልዩነት አይናገርም፤ የሚናገረው ሁለተኛው ሰዓት ነው። ክብደቱ ብቻውን ግን ፈራጅ አይደለም፤ የት እንደሚያርፍ ነው ዋናው። ከብረቱ ቅስት ሥር ተንጠልጥሎ አናት ላይ የሚዘረጋ ሰፊ ማሰሪያ ያለው ሄድፎን ክብደቱን ስለሚያሰራጭ፣ ቀለል ያለ ሆኖ በጠባብ ቅስት አንድ ቦታ ከሚጫነው ይልቅ ሊመች ይችላል። የጎን ጥብቀቱም እንዲሁ ሚዛን ይፈልጋል። ከበዛ መንጋጋን ያማል፣ የመነጽር ዘንግን ከጆሮ በላይ ያለው ቆዳ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከላላ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ አናት ላይ ይወርዳል፣ ስፖንጁም ከጉንጭ ይለያል።

ስፖንጁ መለየቱ ከምቾት አልፎ የድምፅ ጉዳይ ነው። ፕላነር እስከ ታች የሚወርድ ባስ የሚሰጠው ስፖንጁ ጆሮን ዙሪያውን ከቦ አየር ሳያስወጣ ሲገጥም ነው፤ ጀርባው ክፍት መሆኑ ፊቱን ከመግጠም ነፃ አያደርገውም። ትንሽ ቀዳዳ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠፋው ባሱ ነው። እዚህ ላይ አምራቾቹ ብዙም የማያስቧቸው ነገሮች አሉ። ወደ ኋላ የሄደ ጥቅጥቅ ያለ ሹሩባ በጆሮ ዙሪያ ጉብታ ይፈጥራል፤ ሂጃብ፣ ሻሽ ወይም ነጠላ በስፖንጁና በቆዳው መሐል ይገባል፤ ወፍራም የመነጽር ዘንግ ጥግ ላይ ክፍተት ይተዋል። «ይህ ሄድፎን ባስ የለውም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ይልቅ ስለ አቀማመጡ የሚናገር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ባስ ያለበት ዘፈን እየተጫወተ ሁለቱን ኩባያዎች በመዳፍ በእርጋታ ወደ ጭንቅላት መጫን። ባሱ ወዲያው ከጨመረ አየር እየወጣ ነበር ማለት ነው፤ ጸጉርን ከስፖንጁ ውስጥ ማውጣት፣ ሻሹን ወደ ኋላ መሳብ፣ ማሰሪያውን በአንድ ደረጃ ማሳጠር ወይም ማስረዘም፣ ቀጭን ዘንግ ያለው መነጽር ማድረግ ከአዲስ አምፕ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

የስፖንጁ ዓይነት ደግሞ ከከተማ ከተማ ሊለያይ ይገባል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጌዶ ከዚያም ከፍ ትላለች። በነዚህ ከተሞች የምሽቱ ብርድ ቆዳ መሰል ስፖንጅን ምቹ ያደርገዋል፤ በደንብ ይገጥማል፣ ላብም አያስቸግርም። 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባኮ ግን በሞቃቱ ወራት ያው ስፖንጅ ጆሮን በላብ ያረጥባል፤ ጨርቅ ወይም ከፋይ የለበሰው ይመቻል። ይሁን እንጂ ጨርቅ አየር ያሳልፋል፣ ባሱም ይቀንሳል። መፍትሔው በኢኳላይዘር መመለስ ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አድማጮች አሉ፤ «ጥሩ ሄድፎን መነካካት አያስፈልገውም» ይላሉ። ክርክሩ የሚፈርሰው ሄድፎን በባዶ አየር ላይ የሚደመጥ ነገር ባለመሆኑ ነው። በአንድ ሰው ጭንቅላት፣ ጸጉርና ስፖንጅ ላይ የተለወጠውን ድምፅ ማስተካከል የተወሰደውን መመለስ ነው። ፕላነር ደግሞ በባስ ላይ ያለው መዛባት ትንሽ ስለሆነ ጭማሪውን ሳይጮህና ሳይንቀጠቀጥ ይሸከማል። ከ100 ኸርዝ በታች ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል መጨመር፣ የጠቅላላውን ድምፅ ደግሞ በዚያው መጠን ቀድሞ መቀነስ ጥሩ መነሻ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚሠራው ዌቭሌት የተባለ መተግበሪያ ለብዙ ሄድፎኖች በልኬት የተዘጋጀ ማስተካከያ ይዟል፤ ከዚያ ተነስቶ በራስ ጆሮ መጨረስ ይቻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የሚደመጠው ነገር ነው። እዚህ አገር ብዙ ሙዚቃ ወደ አድማጩ የደረሰው ከብዙ ቅጂ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአምሃ ሪከርድስ የወጡት ሸክላዎች፣ ከዚያ በኋላ የነገሡት ካሴቶች፣ በኋላም ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ኤምፒ3 እየተገለበጡ ሞባይል ቤት ሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫኑት ፋይሎች በየደረጃው አንድ ነገር ጥለው መጥተዋል። ጥሩ ፕላነር ያንን ጉድለት አይሸፍንም፤ የካሴቱን ሽሽታና የተጨመቀውን የጸናጽል ድምፅ ፈልቅቆ ያወጣዋል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ለእኛ ሙዚቃ ውድ ሄድፎን ከንቱ ነው» የሚል ሰው ግን ግማሹን እውነት ነው የያዘው። ከንቱ የሚሆነው ምንጩ ሳይስተካከል ሲቀር ነው። ከኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች አንዱ የሆነውን የአለሙ አጋን የበገና ቅጂ የመሰለ በጥንቃቄ የተቀረጸ ሥራ ዕቃው ምን እንደሚችል ያሳያል። የበገና 10 አውታሮች በድልድዩ ላይ ከቆዳ ቁራጭ ጋር እየተነካኩ የሚያወጡት ንዝረት ከታች ወፍራም፣ ከላይ ሻካራ ነው፤ ደካማ ሄድፎን ሁለቱን አንድ ጉርምርምታ ያደርጋቸዋል፣ ጥሩው ግን እያንዳንዱን አውታር ለብቻው ያቆመዋል።

የአካባቢው ሙዚቃም ጥሩ ሚዛን ነው። ገረርሳ የተባለው የኦሮሞ ዜማ በመሠረቱ የሰው ድምፅ ነው፤ ቃሉ፣ ትንፋሹና የጉሮሮው መሻከር ከዜማው እኩል ይናገራሉ፤ መሲንቆ ሲጨመርም በፈረስ ጭራው አውታር ላይ ያለው የደጋን ግጭት ይሰማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከባስ ይልቅ ንጹሕ መካከለኛ ድምፅ ነው። ከአምቦ የወጣው ሃጫሉ ሁንዴሳ እ.ኤ.አ. በ2009 ካወጣው «ሰኚ ሞቲ» ጀምሮ የሠራቸው ሥራዎች ደግሞ የዚያኑ ዓይነት ፊት ለፊት የቆመ ድምፅ በኪቦርድ፣ በባስና በከበሮ ምት ይከቡታል፤ ባሱ ከድምፁ ላይ ሳይወጣ መቆየት አለበት። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ምሽት አከታትሎ ማዳመጥ፣ ከገበያ በሚገኝ የሙከራ ትራክ ከመፈተሽ ይሻላል፤ አድማጩ ቃሉንና ስሜቱን ስለሚያውቅ የጎደለውን ወዲያው ይለያል። ሊታለል የማይገባው በስፋት ተስፋ ነው። ክፍት ሄድፎን ሙዚቃውን ያሰፋዋል የሚባለው ቅጂው ላይ ግራና ቀኝ የተለየ ነገር ሲኖር ነው፤ ሁለቱም ጆሮ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የተቀዳ ዘፈን በየትኛውም ዋጋ አይሰፋም።

አሁን ዋጋና ጉልበት ላይ ደርሰናል። ዋጋን በሚመለከት ማስረጃው ገዢን ያጽናናል። ያሩን ብሬባርት እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ጥናት 283 ሄድፎኖችን መርምሮ በመሸጫ ዋጋና በድምፅ ሚዛን መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህ ውዱ ሁሉ ከርካሹ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ የእጅ ሥራ፣ የማሰሪያ ምቾትና ዕድሜ በዋጋ ሊሻሻሉ ይችላሉ። የድምፅ ሚዛን ግን ከዋጋ ጋር አብሮ እንደሚያድግ የሚታሰበው ሐሳብ መሠረት የለውም። ኤች ኢ 400 ኤስ ኢ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ዋጋው 149 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ፕላነሮች ከሚሰጡት ድምፅ አብዛኛውን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ለዶላር የሚከፈለው ብር በአጭር ጊዜ ስለተባዛ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ዋጋው እጥፍ ሆኗል።

ጉልበትን በሚመለከት «ፕላነር ያለ ትልቅ አምፕ አይሠራም» የሚለው ወሬ በሒሳብ ይፈተሽ። አምራቹ የሰጠው ቁጥር ኤች ኢ 400 ኤስ ኢ በ1 ሚሊዋት 91 ዴሲቤል እንደሚያወጣና ተቃውሞው 25 ኦም እንደሆነ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል በአማካይ 75 ዴሲቤል ለሚያዳምጥ ሰው፣ ለድንገተኛ ከፍታዎች 20 ዴሲቤል ጨምረን 95 ብንል፣ የሚያስፈልገው 2.5 ሚሊዋት ነው፤ ይህም 0.25 ቮልት ማለት ነው። በኢኳላይዘር 6 ዴሲቤል ባስ ብንጨምርበት ፍላጎቱ ወደ 0.5 ቮልት ያድጋል። ከስልክ የቻርጀር ቀዳዳ ላይ የሚሰካ፣ 1 ቮልት በበቂ ኮረንት የሚሰጥ ትንሽ ዳክ (ዲጂታል ድምፅ ቀያሪ) ከዚህ ያልፋል፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 107 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ይህም ጆሮን ለመጉዳት የሚበቃ ነው። የፕላነር ኤሌክትሪክ ተቃውሞ በሁሉም ድምፆች ላይ እኩል ስለሚሆን የደካማ ምንጭ ባሕርይ ሚዛኑን አያዛባውም፤ ለርካሽ ምንጭ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ትልቅ አምፕ አስፈላጊ መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ አድማጩ ጫጫታ መሐል ስላለ ወይም ስፖንጁ አየር ስለሚያስወጣ ነው። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዳዮች ሆኖ መፍትሔው በአራተኛው ይፈለጋል።

እንግዲህ ማን ይግዛ? በማደሪያ ክፍል የሚኖር ተማሪ አይግዛ፤ በልኩ የተመረጠ የጎማ ጫፍ ያለው ጥሩ ኢርፎን በትንሽ ገንዘብ ከጓደኛ ጋር ያስማማዋል፣ ጆሮውንም ይጠብቅለታል። መንገድ ዳር የሚኖር ወይም ሥራው ላይ እያለ የሚያዳምጥ ሰው ዝግ ሄድፎን ይሻለዋል። የራሱ ክፍል ያለው፣ በምሽት የሚያዳምጥ፣ የቤቱን ጥሪ ማጣት የማይፈልግና ጥሩ ቅጂ ለመፈለግ የሚተጋ ሰው ግን ክፍት ፕላነር ሲገዛ አይጸጸትም፤ ከርካሾቹ አንዱን ይምረጥ፣ የተረፈውን ለመለዋወጫ ስፖንጅ፣ ለትንሽ ዳክና ለአቧራ መከላከያ ከረጢት ያድርገው። በበጋው አቧራ፣ በተለይም ብረት በሚቆረጥበት አካባቢ፣ ማግኔቱ የብረት ብናኝን ስለሚስብ ሳይሸፈን መተው የለበትም። ከመግዛቱ በፊት ደግሞ ሊያዳምጥ ባሰበበት ሰዓት፣ ሊቀመጥ ባሰበበት ወንበር ላይ ሆኖ በስልኩ የድምፅ መለኪያ ክፍሉን ይለካ። የስልክ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም ለዚህ ውሳኔ ይበቃል፤ ከ40 ዴሲቤል በታች ከሆነ ይግዛ፣ ከ50 በላይ ከሆነ ገንዘቡን ለዝጉ ያውለው፣ በመካከል ከሆነ ሰዓቱን ይቀይርና እንደገና ይለካ።